የፈረምኩበት ደመወዝና የተቀበልኩት ደመወዝ

(ጎንደር ውስጥ ከሆቴል፣ ከካፌና ከግንባታ ሠራተኞች ጋር በተደረገ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! ብዙዎቻችሁ ከሥራ ወጥታችሁ ቤት እንኳ ሳትገቡ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ለማታ ፈረቃ የምትመለሱም አላችሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

መጀመሪያ ግን ከየት እንደመጣሁ ልንገራችሁ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ በአንድ ሆቴል ሒሳብ ክፍል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ፔሮል፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ሠራተኛው ተራ በተራ እየገባ ይፈርማል፤ ብሩን ቆጥሬ የምሰጠውም እኔው ነኝ። ፔሮሉ ላይ የተጻፈውና እኔ ቆጥሬ የምሰጠው ብር ግን አንድ አልነበረም። ባለቤቱ እንዲህ አድርጊ ብሎኛል፣ እኔም አድርጌያለሁ።

ዕቃ የሚያጥቡ አንዲት እናት ነበሩ። መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ነበር የሚፈርሙት። «ልጄ፣ እዚህ ላይ ነው?» ይሉኛል። «አዎ እማማ፣ እዚህ ላይ» እላቸዋለሁ። ጣታቸው ያረፈበት መስመር 1,200 ብር ይላል። ቆጥሬ የማስጨብጣቸው 850 ነው። ሳይቆጥሩ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩትና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ ይወጣሉ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ድረስ ይከብደኛል።

እሳቸው ሥራውን ከለቀቁ ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እኔም ወጣሁ፤ ፈልጌም አገኘኋቸው። ልመሰክርላቸው ዝግጁ ነበርኩ። አብረን ሄደን የሕግ ባለሙያ ስናማክር ግን የሰማነው «እማማ፣ ምነው በጊዜው በመጡ» የሚል ነው። ጉዳዩ በይርጋ ታግዶ ነበር፤ ሕጉ ለመጠየቅ የሰጠው ጊዜ አልፎበታል ማለት ነው። እሳቸው «ፈርሜያለሁና ምን ብዬ እከሳለሁ?» ብለው ነው የተቀመጡት። ይህ ፊርማ መብታቸውን አልዘጋውም ነበር። የዘጋው ጊዜው ነው። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን ይዛችሁ እንድትወጡ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ሕጉ። ሰው ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ «የሚከፈለኝ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች ነው፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ነው። እውነቱን መናገር አለብኝ። አሁን የምንሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ አንቀጽ 55 ላይ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም፣ ሥልጣንና ኃላፊነቱም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ይናገራል። ቦርዱ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል በየጊዜው እንዲያሻሽል ነው የታሰበው። ሠራተኛውም፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ይህ ነገር ከወረቀት እንዲወርድ ሲጠይቁ ኖረዋል። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ግን «ከዚህ ብር በታች መክፈል ክልክል ነው» የሚል በቁጥር የተቆረጠ ወለል እጃችን ላይ የለም። ጤፍና የቤት ኪራይ እንዲህ በወጡበት ዘመን ይህ መዘግየቱ ያሳዝነኛል፤ መናገርም አለብን።

ወለሉ በሕግ እስኪቆረጥ ድረስ የእናንተ ወለል የተስማማችሁበት ደመወዝ ነው። ከዚያ በታች መክፈል ዛሬም ሕገ ወጥ ነው። የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ የተፈራረሙት ውል፣ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ስምምነቱ ውስጥ የተጻፈው ነው። በዚያ ላይ ሕጉ ራሱ የሚያሰላው ክፍያ አለ፦ ትርፍ ሰዓት፣ የበዓል ቀን፣ የሳምንት ዕረፍት። አብዛኛው ሰው ገንዘቡ የሚበላበት እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

«እኔ እኮ የጽሑፍ ውል የለኝም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልግም፤ በቃል የተደረገ ውል ውል ነው። እንዲያውም በቃል ከቀጠራችሁ በ15 ቀን ውስጥ ውሉ ምን እንደያዘ በጽሑፍ ፈርሞ የመስጠት ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው። ሳይሰጥ ቢቀር መብታችሁ አይቀርም። ስልካችሁ ላይ «ደመወዝሽ 4 ሺህ ነው፣ ሰኞ ጀምሪ» የሚል መልእክት ካለ አታጥፉት። ያ መልእክት ማስረጃችሁ ነው።

«ሙከራ ላይ ነሽ» የምትባሉም አላችሁ። አንዲት ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ቡና ስታፈላ ከርማ «ሙከራሽን አላለፍሽም» ተብላ ያለ ሳንቲም ተሸኝታለች። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ነው፤ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም እንደማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝ አለው። የሠራችበት ቀን ሁሉ ይከፈላታል።

ቅናሹ ደግሞ በየቀዳዳው ነው የሚገባው። ብርጭቆ ሰበርሽ፣ ሒሳብ ጎደለብህ፣ እንግዳው ሳይከፍል ወጣ፣ አረፈድሽ፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ደመወዙ አልቆ ይገኛል። አንቀጽ 59ን አስታውሱ። አሠሪው ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድለት፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። በዚህም ቢሆን በአንድ ወር የሚቆረጠው ከወር ደመወዛችሁ ከአንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። «የሰበርሽውን ቆርጬዋለሁ» ብሎ ግማሹን የሚያስቀር አለቃ ሕግ እየጣሰ ነው።

ጉርሻም እንደዚሁ ነው። «ቲፕ ታገኚ የለም እንዴ?» እየተባለ ደመወዝ የሚቀነስበት ቤት ሞልቷል። ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ገንዘብ በሕጉ ደመወዝ ውስጥ አይቆጠርም። እንግዳው ለእናንተ የሰጠው ብር የአሠሪውን ዕዳ አይከፍልለትም። መብራት ጠፋ፣ ዕቃ አልመጣም ተብሎ የሚቆረጥም አለ። ሠራተኛው ለሥራ ተዘጋጅቶ ቀርቦ፣ በእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሥራ ቢያጣ ደመወዙን ያገኛል፤ አንቀጽ 54 ነው። የጡረታ ነገርም አለ። ከግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የሚቆረጥባችሁ ከሆነ በእርግጥ ወደ ጡረታ መግባቱን ጠይቁ፤ ተቆርጦ ኪስ የሚገባበትን ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን እርሳስ ያላችሁ አውጡ፤ ስልክም ይሆናል። ሒሳብ እንሥራ። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። 48ን በ52 ሳምንት አባዝታችሁ ለ12 ወር ስታካፍሉት 208 ሰዓት ይመጣል። ደመወዝሽ 4,160 ብር ነው እንበል። ለ208 ሲካፈል አንድ ሰዓትሽ 20 ብር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሠራሽው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 30 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፤ 35 ብር። በሳምንት ዕረፍትሽ ቀን የሠራሽው ትርፍ ሰዓት በሁለት፤ 40 ብር። የሕዝብ በዓል ሲሆን መደበኛው ሰዓት እጥፍ ነው፤ ትርፍ ሰዓቱ በሁለት ተኩል፣ 50 ብር።

ጥምቀትን እናንሳ፤ ጎንደር ውስጥ ማንም አይስተውም። ከተራ ለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ እናንተ ከጠዋት እስከ ሌሊት ትቆማላችሁ። ከተራ የሕዝብ በዓል ስላልሆነ 12 ሰዓት ብትሠሪ አራቱ ትርፍ ሰዓት ነው። አራቱም ቀን ላይ ከሆኑ 120 ብር። በማግሥቱ ጥር 11 ግን የሕዝብ በዓል ነው። ያን ቀንም 12 ሰዓት ብትሠሪ፣ ስምንቱ ሰዓት በ40 ብር 320፣ አራቱ በ50 ብር 200፤ የዚያ ቀን ሥራ 520 ብር ይታሰባል። ስንቶቻችሁ ነበራችሁ ባለፈው ጥምቀት ስትሠሩ የከረማችሁ? ስንቶቻችሁስ ይህን ብር አያችሁ? (በአዳራሹ ውስጥ የተነሳ እጅ አልነበረም።) ትርፍ ሰዓትም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። አሁን በየሆቴሉ የሚሠራው በስንት እጥፍ እንደሚያልፍ እናንተው ታውቃላችሁ።

ወደ ፊርማው እንመለስ። አንቀጽ 60 አሠሪው የደመወዝ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዛል፤ ጠቅላላ ደመወዝ፣ የተቆረጠው፣ ለምን እንደተቆረጠ፣ የተጣራው ተከፋይ፣ የሠራተኛው ፊርማ። ሠራተኛው መዝገቡን ማየት ይችላል፤ ካልገባውም ሊብራራለት ይገባል። እዚያው አንቀጽ ላይ ለእማማ ልነግራቸው የሚገባኝ ነገር ተጽፏል። ሠራተኛው የተሰጠውን ያለ ተቃውሞ ፈርሞ መቀበሉ ቀሪውን ደመወዝ እንደተወው አያስቆጥርም። ፈርሜያለሁና አለቀ አትበሉ።

ይልቅ ስድስት ወር የሚባለውን ፍሩ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መክፈያው ቀን ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ይህ ለየወሩ ለብቻው የሚቆጠር ነው። መክፈያችሁ የወሩ መጨረሻ ከሆነ የመስከረም ጎዶሎ መጋቢት መጨረሻ ላይ ያልፍባችኋል፤ የጥቅምቱ ሚያዝያ ላይ። ዝም ባላችሁ ቁጥር በየወሩ አንድ ወር እየሞተባችሁ ነው። ሥራ ለለቀቀ ሰው ደግሞ ከሥራ መቋረጥ ጋር የሚመጣው ክፍያ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ነው ያለው።

ይህን የሚያውቁ አሠሪዎች አሉ። ስለዚህ አይሳደቡም፣ አይቆጡም። «አንቺ ልጅ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ ፋሲካ ይለፍና እናስተካክላለን» ይሏችኋል። ፋሲካ ያልፋል። «ክረምቱ ይውጣ፣ ገበያ ሲመለስ» ይመጣል። እናንተም ይሉኝታ ይዟችሁ፣ «ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም» እያላችሁ ትጠብቃላችሁ። ቀን ይሄዳል። ቃል ሲገባላችሁ በጽሑፍ አስገቡት፤ በስልክ መልእክት እንኳ ይሁን። «አዎ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ልዩነት አለብኝ» ብሎ ከጻፈ ዕዳውን አምኗልና የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል። በቃል ብቻ ያላችሁን ነገር ግን ነገ ፍርድ ቤት «አላልኩም» ሊል ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ ላላችሁኝ፣ ከትንሽ ደብተር ነው የሚጀመረው። ባሬላ የምትሸከም አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ አዘዞ አካባቢ ሕንፃ ላይ ትሠራ ነበር። የኪስ ደብተር ነበራት። በየማታው ቀኑን፣ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት፣ ካቦው (የሠራተኞቹ አለቃ) የነገራትን የቀን ሒሳብ፣ አብራት የዋለችውን ጓደኛዋን ስም ትጽፋለች። ላብና ሲሚንቶ ነክቶት ገጹ ደርቆ ነበር። ካቦው ከተስማማችው የቀን ሒሳብ ዝቅ አድርጎ ሲከፍላት ደብተሩን ይዛ ሄደች። ሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ላይ የተቀመጡት ባለሙያ ካቦውንና ተቋራጩን ጠርተው ገጽ በገጽ አነበቡላቸው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ስለማይጠበቅ መልስ አልነበራቸውም። ልዩነቱን ከፈሏት። ሙሉውን አይደለም፤ ሦስት ቀን «አልነበርሽም» ብለው ተከራክረው አስቀሩባት። ቢሆንም አብዛኛውን አገኘች።

ደብተር ያዙ። ደመወዝ በባንክ ወይም በቴሌብር ከገባላችሁ መልእክቱን አታጥፉ። የሥራ ፕሮግራም ሲለጠፍ ፎቶ አንሡ። አብሮ የሚሠራ ሰው ምስክር ነው። አሠሪው መዝገቡን ቢደብቅ ፍርድ ቤቱ አምጣ ብሎ ሊያዝዘው ይችላል፤ የናንተ ደብተር ደግሞ የሱን ዝምታ ይሞላል።

ቀጥሎ ለአሠሪው ጻፉ። ረጅም አይሁን፣ ስድብ አይኑርበት። አንዱን እንዲህ ጽፈን ነበር፦ «ለካፌው ሥራ አስኪያጅ። ጉዳዩ፦ ያልተከፈለኝ የደመወዝ ልዩነት እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ። ከመስከረም 1 ጀምሮ በአስተናጋጅነት በወር 4,160 ብር ሊከፈለኝ ተስማምቼ እየሠራሁ ስሆን፣ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ደመወዝ የተከፈለኝ በወር 3,400 ብር ነው። ልዩነቱ በየወሩ 760 ብር፣ በድምሩ 2,280 ብር ስለሆነ እንዲከፈለኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ከዚያ ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። በሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» አስብላችሁ አስፈርሙ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ባለበት ስጡትና የሰጣችሁበትን ቀን ጻፉ።

ካልመለሰ ወደ ከተማው ሥራና ሥልጠና መምሪያ ሂዱ፤ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ እያልን እንጠራው የነበረው ሥራ ዛሬ እዚያ ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ በሥራ ሰዓት ሳያሳውቁ ድርጅት ገብተው መዝገብ የማየት ሥልጣን በአዋጁ ተሰጥቷቸዋል። ለዚህ መሥሪያ ቤት ያቀረባችሁት አቤቱታ የይርጋውንም ቆጠራ ያቋርጣል። ስለዚህ በቃል አውርታችሁ አትመለሱ፤ በጽሑፍ አስገቡና የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም ያዙ።

እዚያም ካልተፈታ ፍርድ ቤት ነው። የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዝዛል፤ በተግባር የሚዘገይበት ጊዜ እንዳለ ግን ልደብቃችሁ አልችልም። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ክስ ይጽፉላችኋል። አያቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ቆመው ነገራቸውን ይዘው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። መክሰስ በዚህ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም፤ እኛ ነን ነውር ያደረግነው።

«ቢያባርረኝስ?» አውቃለሁ፣ ሁላችሁም ልብ ውስጥ ያለው ይህ ነው። ሠራተኛ ቅሬታ በማቅረቡ ወይም በመክሰሱ ማባረር በአንቀጽ 26 የተከለከለ ነው። ግን የሚያባርር ይኖራል። ያኔ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያላችሁ ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። መመለስ ካልፈለጋችሁ ወይም ፍርድ ቤቱ ካልመለሳችሁ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሰው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ካሣ አለው። ከሥራ ከወጣችሁ በኋላ የቀረው ክፍያችሁ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ቢዘገይ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል። ተናዳችሁ ሽርጡን ወርውራችሁ ብቻ አትውጡ። አሠሪው ግዴታውን እየደጋገመ ሲያፈርስ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል፤ ግን ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ ሰጥታችሁ ውጡ።

ለብቻ መጠየቅ ያስፈራል። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ቤት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። እኔ በሠራሁበት ቤት ሃያ ስድስት ሰዎች ነበርን። ሃያ ስድስታችንም በየወሩ ለየብቻ እየገባን ፈርመን እንወጣ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ምን ያህል ተከፈለህ ተባብለን አልተጠያየቅንም። ደመወዝ መጠያየቅ እንደ ነውር ስለሚታይ ነው። እባካችሁ ተጠያየቁ።

የቤት ሠራተኞችም እዚህ አላችሁ። አዋጅ 1156 እናንተን ገና አላቀፈም፤ የናንተ ጉዳይ በሌላ ደንብ እንዲወሰን ነው የተተወው። ቢሆንም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ፣ የገባችሁት ውል አለ፤ ያልተከፈለ ደመወዛችሁን በመደበኛው ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህ ክፍተት መደፈን አለበት፤ ለመምሪያውም ደጋግሜ እናገራለሁ። ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ የምትወርዱም፣ ከመኪና ሳትወርዱ በፊት የተባለውን ሒሳብ ስልካችሁ ላይ ቅዱት።

አሠሪዎችም ከኋላ ተቀምጣችሁ አያችኋለሁ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኮሮና ጀምሮ ቱሪስት እንደጠፋ፣ ጦርነቱም እንደጎዳችሁ አውቃለሁ። ደመወዝ መቀነስ ግድ ከሆነባችሁ መንገዱ መዝገቡን ከፍታችሁ፣ ሠራተኛውን አነጋግራችሁ፣ በጽሑፍ መስማማት ነው። ሁለት ፔሮል መያዝ አይደለም። የኔ አለቃ ያን ጊዜ ጠርቶ ቢያነጋግራቸው፣ እማማ ራሳቸው «ግድ የለም ልጄ፣ አብረን እናልፈዋለን» ይሉት ነበር። አውቃቸዋለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ፤ የሕግ ተማሪዎች ማመልከቻ ይጽፉላችኋል። ስልካችሁን ክፈቱና መጨረሻ ጊዜ ሙሉ ደመወዝ የተከፈላችሁበትን ወር ፈልጉ። ጥቅምት ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ ስድስት ወሩ እየደረሰባችሁ ነውና ሰልፉን አትጠብቁ፤ ከፊት ኑ።